የህሊና ጨዋነት

እሑድ፣ ማርች 1 ቀን 2009

«አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ! ቀና ብላ ሰው እንኳ አታይም» ሲሉ ሰማኋቸው እትዬ አበበች፣ ዛሬ ክርስትና ግብዣ ላይ፣ ስለ ልጄ ስለ ህሊና። ምስጋናውን ለአሳዳጊነቴ ወሰድኩትና ምስር ወጥ ጨመርኩ።

ህሊና ስድስት ዓመቷ ነው። ሌሎቹ ልጆች ሲራወጡ እሷ በር ላይ ተቀምጣ የእንግዳውን ሁሉ ጫማ ከትንሽ እስከ ትልቅ ደረደረች። ስሟን አራት ጊዜ ጠራሁ፤ ዞር አላለችም። እትዬ ይህንንም «ሥራ ስትወድ!» አሉት።

መኪና ውስጥ ግን ወሬኛ ናት። ከዳላስ እስከ ሪቻርድሰን የሃይዌዩን መውጫዎች በቁጥራቸው ትጠራልኛለች። ከለመደችው ቀድሜ ከወጣሁ እስክንደርስ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ ቀድሜ አልወጣም። ታክሲ ስነዳ እንደሷ ደስ የሚል ተሳፋሪ ጭኜ አላውቅም።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ መሠረት ከማነበው መጽሐፍ ውስጥ የህሊናን አስተማሪ ደብዳቤ አገኘች። ዕልባት አድርጌው ነበር። አስተማሪዋ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፣ ትምህርት ቤቱ ይመርምራት፣ ድጋፉ ቶሎ ከተጀመረ ብዙ ይጠቅማታል ትላለች። የሚፈለገው የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው።

«እትዬ እኮ ጨዋ ናት አሉ» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ! ጨዋነቷ ይቅርብኝና ዓይን ዓይኔን ትየኝ» አለች መሠረት።

ፈረምኩ። ነገ ጠዋት ራሴ እወስደዋለሁ።

ደብዳቤው የተጻፈው ኦክቶበር ላይ ነው።