የኦቦ ገመቹ መሬት አገግሟል ወይ?

መስከረም 21፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ባጃጁ ዘግይቷል። የእንጨት ካሬዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ደጅ ተቀምጫለሁ። ሳሩ ላይ ጥዬ በውስጡ ያለውን ዕፅዋት የምቆጥርበት ነው። ጎረቤቴ የመስኮት ፍሬም መስሏት ዋጋ ጠየቀችኝ።

ዛሬ ሁለተኛ ቀን። ቦታው ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ፑሚስ ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ። ያ ለብሎኬት የሚሆነው ቀላል ነጭ ድንጋይ። ድርጅቱ አውጥቶ ጨረሰ፣ ደለደለ፣ አፈር አለበሰ፣ ሳር ዘራ፣ አጠረ። የዕፅዋት ባለሙያ ነኝና አሁን «አገግሟል» ብዬ እንድፈርምለት ይፈልጋል። ከፈረምኩ እሱ ተገላገለ፣ መሬቱም ለባለቤቱ ለኦቦ ገመቹ ይመለሳል። ካልፈረምኩ እንደገና ይሠራል፣ ሽማግሌውም ይጠብቃሉ። ሪፖርቱ ለሰኞ።

አረንጓዴ ነው፣ ደብተሬ። በጣም። ግን በመስከረም የማይለመልም ምን አለ?

ማታ
ውሉ ከአጎራባች መሬት ጋር አወዳድሪ ይላል። አጎራባቹ የጋራ ግጦሽ ነው፣ ፍየል ልጦ ጨርሶታል። ከሱ ጋር ከሆነ የአስፋልት ዳርም ያልፋል። ከብት ያልደረሰበት ቦታ ያስፈልገኛል።

መስከረም 22፣ ረቡዕ

አገኘሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሙስሊሞች መቃብር። ከብት አይገባበት፣ ሳሩ አይታጨድ። ጠባቂውን አስፈቀድኩ፤ መቃብር ሳትረግጪ ዳር ዳሩን አሉኝ። ሰንበሌጥ፣ ሰርዶ፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ የግራር ችግኝ። ሳሩን ሳብኩት። እጄን ቆረጠኝ እንጂ አልተነቀለም። ድርጅቱ ባጠረው ቦታ ግን ራሱ የበቀለ ችግኝ አንድም አላየሁም።

ከሰዓት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ውሉ ስለ መቃብር አያወራም አለ። ድምፁ ለስላሳ። በጨዋታ መሀል የሚቀጥለውን ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ገና እንዳልወሰነ ጣል አደረገ። ፈራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

መስከረም 23፣ ሐሙስ

ኦቦ ገመቹ ወሬው ደርሷቸው መጡ። «ከሙታን ጋር ነው የምታወዳድሪኝ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?» ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። ጤፍ ያበቅል የነበረ መሬት ነው። ልጃቸው ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ ላይ ናት፤ መሬቱ ሲመለስ ልትመጣ ትጠብቃለች። ጎረቤት «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይቀልድባቸዋል። አላገገመም ልትዪ ነው ወይ አሉኝ። ገና አላልኩም አልኳቸው።

እውነት ነው፣ አላልኩም። እንዲያውም ልቤ ወደ መፈረሙ እያዘነበለ ነው። ሁሉም የሚፈልገው ያንን፤ እሳቸውም ጭምር። እኔ ማን ነኝና? ይህን ስጽፍ ራሴን ጠላሁት።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ጠዋት ስደርስ ኦቦ ገመቹ ቡሬን፣ ዝንጉርጉር ላማቸውን፣ በገመድ ይዘው አጥሩ ጋ ቆመዋል። «ሰው ያዳላል» አሉ። «ላም አታዳላም። እሷ ትፍረድ።» ሽቦውን ፈቱ። ከብት ማስገባት ክልክል ነው፣ ሰሌዳው ላይ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። ተዉ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ማየት ፈልጌ ነበር።

ቡሬ አጎነበሰች። ጎረሰች፣ ሳበች። ሳሩ ከነሥሩ ተገፎ ወጣ፣ ልክ እንደ ሰሌን። አቧራው አፍንጫዋ ገብቶ አስነጠሳት፣ ጣለችው። አለፍ ብላ ሌላ ጎረሰች። ያም ተነቀለ። ከሥሩ ነጩ ፑሚስ አፈጠጠ። አፈሩ ጣት የማይሞላ ሽፋን ነው።

 ላሟን ሽማግሌው ራሳቸው አወጧት። ሽቦውን መልሰን አብረን አሰርነው።

«በእኔ ዕድሜ ይደርሳል?»

አላውቅም አልኳቸው። ትከሻዬን ነካ አድርገው ሄዱ። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ።

መስከረም 26፣ እሑድ

ሥራ አስኪያጁ እንደገና ደወለ። ለስላሳው ድምፅ የለም። የድርጅቱ ዘበኛ ቅዳሜ ከሩቅ ፎቶ አንስቷል፦ ሽማግሌውና ላማቸው፣ አጥሩ ውስጥ። ያገገመ መሬት ያበላሹት እሳቸው ናቸው፣ ድርጅቱ ከእንግዲህ አይጠየቅም፣ ይከሳቸዋልም አለ። ሰኞ ከፈረምኩ ግን ፎቶው ይጠፋል።

ስልኩን ዘጋሁና ቶሎ ወደ ቦታው። ቡሬ ያልረገጠችው ማዶ ጥግ ላይ ካሬዬን እየጣልኩ ሳሩን በእጄ ሳብኩ። ካሬ በካሬ። ሁሉም ወጣ። ሁሉንም ፎቶ አነሳሁ። ዘበኛው እያየኝ ነበር።

መስከረም 27፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ተጽፎ አለቀ። አላገገመም። አፈሩ ስስ፣ ሥሩ አልያዘም፣ ራሱ የበቀለ ችግኝ የለም። ድርጅቱ አፈሩን ጨምሮ እንደገና ይሥራ። በውሉ መለኪያ ያልፋል፣ መለኪያው ግን ልክ አይደለም። ይህንንም ጻፍኩ።

የቀረችው ላሟ ናት። ሳላነሳት ማለፍ እችላለሁ፤ በእጄ የነቀልኩት ይበቃል። ግን ፎቶው ያለው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነው። ፎቶው ላይ ደግሞ እኔ የለሁም። ዘበኛው ያነሳው ሽማግሌውንና ላማቸውን ብቻ ነው።

እኔ ግን ነበርኩ። ቆሜ አየሁ፣ ዝም አልኩ። የቦታው ባለሙያ ቆሞ ዝም ካለ ፈቅዷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በዚህ አካባቢ ሥራ የሚሰጠኝ አይኖር ይሆናል። ይሁን። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ ቅዳሜ ጠዋት ላም አጥሩ ውስጥ የገባችው በእኔ ፊት፣ በእኔ ኃላፊነት ነው፤ ኦቦ ገመቹ አይጠየቁም። ስሜን ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ።