ከወንበሯ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ጥቅምት 9

ዛሬ አሥራ ስድስት ዝሆን ቆረጥኩ። አራት ኮምፔንሳቶ ደራርቤ፣ ዳርና ዳሩን በፕላስተር ጠፍሬ፣ የመጋዝ ማሽኗ ላይ አንዴ አዞርኩት... አንዴ ምጥ፣ አራት ልጅ። እንዲህ እያልኩ አራት ጊዜ።

ለሴትዮዋ፣ ለሚስቴ፣ "ወላድስ እኔ። አንቺ በዕድሜሽ አንድ ሴት ልጅ፣ እኔ በአንድ ጠዋት አሥራ ስድስት" አልኳት።

"የኔዋ ኩምቢዋ አልተሰበረም" አለች።

የአንዱ ዝሆን ኩምቢ ተሰብሮብኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ደብቄዋለሁ። በምን አየችው? ይህች ሴት ኪስ ውስጥ ታያለች።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ትእዛዝ ስልሳ እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ሰባት ቁራጭ ሆኖ የሚገጣጠም። እኔ እቆርጣለሁ። እሷ ከማዶ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች፣ የሕፃን እጅ እንዳይወጋ። ከዚያ ዘይት ትቀባለች። ጓዳችን ፋብሪካ ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ እኔ ነኝ። ይህንን ስነግራት "ደሞዜስ?" ትላለች። ፊቴን አታይም እንዴ? ይኸው ደሞዝ።

ትንሽ ትስላለች። ብርድ ነው።

ጥቅምት 15

ሳሉ አልለቀቃትም። ጠዋት ጠዋት ይብሳል። "እንደ አሮጌ አውቶቡስ በእጅ ካልተዞርሽ አትነሽም" አልኳት። ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ ደግሞ ረዘመ... ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

ማር በሙቅ ውሃ ሰጠኋት። ጉማሬ ስምንት ቆረጥኩ።

ጥቅምት 21

ልጃችን መጣች። ገና ሳትቀመጥ "እማዬ ከስተሻል" አለች።

"ወገቤ እንዲያምር ብዬ ነው" አለች እናቷ።

ልጅቷ ወደ ጓዳ ገባች። በጣቷ ጠረጴዛውን ጠርጋ አመጣችልኝ። የጣቷ ጫፍ ዱቄት የነካ መስሏል።

"አባዬ፣ ይሄ ነገርስ?"

"እንጨት ነው። ከዛፍ የመጣ። ንጹሕ ነገር ነው።"

"ይሄ እኮ ቤት ውስጥ ነው የሚበነው።"

"ሰጋቱራ ሰው ቢገድል ኖሮ አናጢ የሚባል ዘር ባልተረፈ።"

አልሳቀችም። ለሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛ ሄደች። ልጅቷ ቁምነገረኛ ናት። ከማን እንደወረሰችው እንጃ።

ጥቅምት 27

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጀርባዋን አዳመጠ። የደም ምርመራ አዘዘ፣ ስለ ሲጋራ ጠየቀ፣ ስለ ከሰል ጠየቀ። ከዚያ፦

"ቤት ውስጥ የሚበን ነገር አለ? የእጅ ሥራ ምናምን?"

ጥያቄው ለእሷ ነበር። እኔ ቀደምኩ።

"ጡረተኞች ነን ልጄ። ሥራችን መተኛትና መነሳት ነው። እሱንም ከቻልን።"

ሐኪሙ ሳቀ። ሴትዮዋ አየችኝ። ከዚያ እጆቿን አየች። ጥፍሯ ሥር የእንጨቱ ብናኝ እንዳለ ነው። እጆቿን አገጣጥማ ጭኗ መሀል አስገባቻቸው... ዝም አለች።

ሽሮፕና ክኒን ጻፈልን።

በመንገድ ላይ ምንም አላለችኝም። "ቀስ በል፣ እግርህ ፈጠነብኝ" ብቻ።

ለምን እንደዚያ አልኩ? አፌ ልማዱ ነው። ሰው ሲያስቅ ደስ ይለዋል... እሱ ብቻ ነው? ሠላሳ ሦስት እንስሳ ስለቀረኝ ነው? ማሽኗን ይወስዱብኛል ብዬ ነው? ደብተር ሆይ፣ አንተም እጅህን ጭንህ መሀል አድርግና ዝም በል።

ኅዳር 2

ክኒኑ አለቀ። ሳሉ አላለቀም።

ከእንግዲህ አትፈትጊ አልኳት። "ታዲያ ማን ሊፈትግ? ሥራ አስኪያጁ?" ብላ ተቀመጠች። እኔም ብዙ አልተከራከርኩም። መከራከር ነበረብኝ።

እኔ ስቆርጥ ማስክ አደርጋለሁ፤ ያስነጥሰኛላ። ከሱቅ ስገዛ አንድ ነበር የገዛሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ።

ኅዳር 5

ቀጭኔ አምስት። ሳሏን አልቆጠርኩም።

ኅዳር 15

ከገበያ ስንመለስ ደጃችን ያለው ደረጃ ላይ ቆመች። አምስት ደረጃ ነው ያለው። ሦስተኛው ላይ።

"ምነው፣ ፎቶ ልትነሺ ነው?" አልኳት።

መልስ የለም። ይህች ሴት መልስ አጥታ አታውቅም። ዘወር ብዬ ሳያት ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። አፏ ይከፈታል፣ አየሩ ግን አይገባም።

ጎረቤታችን ሹፌሩ በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሰን። አልጋ ያዘች። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ሰኩላት። ልጃችን ከጎኗ ናት። እኔን "አባዬ፣ ቤት ሄደህ ልብሷን አምጣ" ብላ ሰደደችኝ። ከእግራቸው ሥር እንድወጣ መሆኑ ገብቶኛል።

ኅዳር 17

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጠዋት ሐኪም ቤት ከመሄዴ በፊት የእሷን ሥራ ልሥራላት ብዬ ጓዳ ገባሁ። የቀሩትን ቀጭኔዎች ልፈትግ። ስትመጣ ተሠርቶ ብታገኘው ትስቃለች ብዬ... ዓይኔ ደካማ ነውና ወንበሯን ወደ መስኮቱ ሳብኩት።

ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሴትዮዋ አለች።

ቀለሙ ክሬም ነበር። አሁን ዙሪያው ቡናማ ሆኗል፤ ብናኙ ከዘይቷ ጋር ተጣብቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። መሀሉ ላይ ግን ክሬሙ እንዳለ ነው። የራሷ ቅርጽ። አንገቷ። ግራ ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ እንደምትቀመጠው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥሩ ቅርጽ አልቆረጥኩም።

ቆሜ ቀረሁ። ለምን እዚያ ብቻ? ሌላው ግድግዳ እኮ ይህን ያህል አልቆሸሸም።

ወደ ማሽኗ ሄድኩና አስነሳኋት። ከምላጩ አጠገብ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ማሽኗ ስትሠራ እፍ እፍ ትላለች። የምቆርጠው መስመር እንዲታየኝ ብናኙን ከላዩ ትነፋልኛለች። መጀመሪያ ማሽኗ የመጣች ሰሞን ወደ እኔ ነበር የምትነፋው። ዓይኔ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ። በገዛ እጄ ወደ ማዶ ጠመዘዝኳት።

እጄን ቱቦዋ አፍ ላይ አድርጌ ትንፋሿን ተከተልኩ። ቀጥ ብላ ወደ ወንበሩ።

ስድስት ዓመት። እኔ ማስክ አድርጌ። እሷ ባዶ አፏን፣ "ኩምቢው ተሰብሯል" እያለችኝ።

ማሽኗን አጠፋሁ። ወንበሯ ላይ አልተቀመጥኩም። መሬት ተቀመጥኩ።

ኅዳር 18

ለሐኪሙ ነገርኩት። ሁሉንም። ማሽኗን፣ ቱቦዋን፣ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ ግድግዳውን።

መጻፉን አቆመ። "ያኔ ስጠይቅዎ ምንም የለም ብለውኝ ነበር እኮ፣ አባት።"

"እየቀለድኩ ነበር።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የራጅ ምስሏን መብራት ላይ አድርጎ አሳየኝ። ሳንባዋ ላይ ነጭ ነጭ ክር ይመስላል። ጠባሳ ነው አለኝ። ከአሁን በኋላ እንዳይጨምር ነው የምንሠራው እንጂ ያለው አይሽርም አለኝ።

"ያኔ ነግሬህ ቢሆንስ?"

"ከዚያ በፊትም ነበረ። ግን ሦስት ሳምንት ሦስት ሳምንት ነው" አለ።

ኅዳር 20

ዛሬ የአፍንጫዋ ቱቦ ቢኖርም ትንሽ ማውራት ቻለች። ልጃችን ምሳ ልትበላ ስትወጣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ለሐኪሙ ነገርኩት" አልኳት።

"ነገረኝ።"

"ታውቂ ነበር?"

"እጄ ላይ እኮ ነው የሚውለው።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ ቀደምክ። ባሌን በሰው ፊት ውሸታም ላድርገው?"

ምን ይባላል?  እሷ ትንፋሽ ሰብስባ ቀጠለች።

"ጡረታ የወጣህ ጊዜ ስምንት ወር አልጋህ ላይ ተጋድመህ ኮርኒስ ስትቆጥር ከረምክ። አትላጭ፣ አትቀልድ። ያቺን ማሽን ማን ገዛልህ? እኔ። ከገዛሁልህ በኋላ ነው አፍህ የተከፈተው።" አረፈች። "ከዚያ ወዲያ ቢያስለኝስ ብዬ።"

"ሞኝ ነሽ።"

"አንተን ያገባሁ ቀን አልታወቀህም?"

ልጃችን ስትገባ ሁለታችንም መስኮቱን እያየን ነበር። "ምን ተባባላችሁ?" አለች። "ስለ አየሩ" አለች እናቷ።

ኅዳር 29

ማሽኗ ሄደች። መንገድ ዳር ያለውን አናጢ ጠርቼ ውሰዳት አልኩት። ዙሪያዋን ዞረ፣ ምላጯን ነካ፣ ደህና መሆኗን አየ።

"ምን ሆና ነው የሚሸጧት አባት?"

"አልሸጣትም። ደጅ አሠራት። አጠገቧ ሰው አይቀመጥ።"

የሰከርኩ መስሎት ልጃችንን አየ። ልጃችን ራሷን ነቀነቀችለት። ተሸክሞ ወጣ።

ለመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር የተሠሩትን ሠላሳ ሁለት እንስሳት ወሰድኩላቸው። "ስልሳ አልነበረም እንዴ?" አሉኝ። "የቀሩት ታመው ነው" አልኩ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ቀስ ብለው እሳቸውም ተዉት።

ታኅሣሥ 3

ነገ ትወጣለች። ልጃችን ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ መጋረጃ አወረደች። ግድግዳውን እኔ ልጠብ አልኳት። አጠብኩ። ብናኙ እንደ ጭቃ እየሆነ ወረደ። ከላይ ጀመርኩ፣ ከራሷ በላይ፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን...

ዙሪያው ሲጸዳ እሷ ጠፋች።

ይህን ሳላስብ ነው የጀመርኩት። ጨርቁን ይዤ ቆሜ ስፈልጋት፣ ልጃችን "አባዬ፣ ጸድቷል እኮ፣ በቃህ" አለችኝ።

ታኅሣሥ 4

ገባች። ደረጃውን ሹፌሩና እኔ በወንበር ተሸክመን አወጣናት። ኦክስጅኑ ከአልጋዋ አጠገብ ነው። "ንግሥት መሰልሽ" ልላት አፌን ስከፍት ልጃችን ክንዴን ይዛ ወደ በረንዳ አወጣችኝ።

"አባዬ፣ አደራ። አታስቃት። ሐኪሙ ብሏል። ሳቅ ሳል ያመጣባታል፣ ሳሉ ደግሞ አየሯን ይወስድባታል።"

"እንዴት ነው የማላስቃት?"

"ዝም በል።"

በሃምሳ አንድ ዓመት ትዳር ብዙ ነገር ተከልክያለሁ። ጨው ተከልክያለሁ፣ አረቄ ተከልክያለሁ፣ ዘመዶቿን መሳደብ ተከልክያለሁ። ይሄ ግን...

ታኅሣሥ 10

ዝም።

ታኅሣሥ 13

ሾርባ ስሰጣት "ጨው አነሰው?" አልኳት። "ደህና ነው" አለች። ይኸው ነው የቀኑ ወሬያችን። ሁለት ጨዋ ሰዎች ሆነናል። ሳንተዋወቅ አንድ ቤት የተከራየን።

ሦስት ጊዜ ቀልድ ምላሴ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ሦስተኛው ጥሩ ነበር። እዚህም አልጽፈውም። ታነበዋለች።

ታኅሣሥ 24

ጠዋት ፀሐይ ስለነበረ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ኦክስጅኑን ገመዱ እስከደረሰ ድረስ ጎተትኩላት። ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱን እያየን።

"አፍህንም ለአናጢው ሰጠኸው?" አለችኝ።

ዝም አልኩ።

"ልጅቷ ናት የከለከለችህ። አውቃለሁ።"

ዝም።

"እሺ። እንዳልስቅ እኔን ነው እንጂ የከለከሉት... አንተን መሳቅ ማን ከለከለህ?" አለች። ከዚያ ወሬ ጀመረች። ሦስት ቃል እያለች፣ እያረፈች። እኔም ትንፋሿን አብሬ እየጠበቅኩ።

"መጀመሪያ አባቴ ቤት... የመጣህ ቀን... የወንድምህን ጫማ ነበር ያደረግከው። ጠቦህ... ከጠረጴዛ ሥር አወለቅከው። አየሁህ። ስትነሳ... አንዱ የለም። ውሻችን ወስዶታል። አንተ ደግሞ... ለመናገር አፍረህ... በአንድ እግር ጫማ... አባቴን ጨብጠህ ወጣህ።"

ይህንን አውቃለሁ። የደረሰው በእኔ ነው። ግን ቀጠለች።

"አባቴ ጫማውን... በሩ ላይ ሰቀለው። ሦስት ሳምንት። ለመጣ ሰው ሁሉ... 'ልጄን የሚጠይቀው ሰውዬ... ሌላኛው እግሩ እስኪመጣ... እየጠበቅን ነው' ይል ነበር።"

ይህንን አላውቅም ነበር። አማቴ፣ ያ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ሰው። ሃምሳ አንድ ዓመት ይዛው ኖራለች። ለምን ቀን አስቀምጣው እንደነበር ማን ያውቃል?

ሳቄ ሳላስበው መጣ። ከሆዴ። ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴን እየመታሁ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ልጃችን በመስኮት ብቅ ብላ አየችን። ሴትዮዋ ግን ፊቷን እንደ ዳኛ አጥብቃ ይዛለች። አንድ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ዓይኗ ብቻ ይስቃል።

ዝም ስል "ጨረስክ?" አለችኝ።

"ጨረስኩ።"

"የኔንም ድርሻ ሳቅልኝ።"

ሞከርኩ።