ዜሮ ተብሎ የተጻፈው ሕመም

ልጄ ስርጉት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ፤ የሰው አገር ሰው በክፉ ዓይን አይይሽ። ላሟ ወለደች፤ የሞጣ ጤፍም ዘንድሮ አላሳፈረንም።

የአባትሽ እግር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ጭናቸው ተሰብሮ ብረት ከገባበት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስፌቱ አሁንም ያዣል። ቄስ ሆነው ሳለ ቅዳሴ ካልገቡ ሁለት ወር አለፋቸው።

ባለፈው ሳምንት ፍሬ የምትባል ነርስ ከሆስፒታል መጣች። አጥንታቸው በቀዶ ጥገና የተጠገነላቸው ሰዎች እንዴት እንደሆኑ እየዞረች ታጠናለች። አባትሽ መምጣቷን ሲሰሙ ምርኩዙን ከበር ኋላ ደበቁና ግድግዳ ተደግፈው ተቀበሏት።

"አባ፣ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?" ብትላቸው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ።

"መራመዱስ?"

"ተመስገን! ምን ጎድሎብኝ!"

ልጅቱ ምን ታድርግ፣ ዜሮ ብላ ጻፈች። እኔም ባሌን በእንግዳ ፊት ላዋርድ ነው? ከሄደች በኋላ ብቆጣቸው፣ "አምላኬን ላማርር ነው?" አሉኝ። መናገርና ማማረር አንድ ነው እንዴ?

ላንቺም በስልክ የሚሉሽ ይህንኑ ነው። እባክሽ ስትደውዪ "ደህና ነዎት?" አትበያቸው፤ "ቅዳሴ የገቡት መቼ ነው?" በያቸው። ያኔ መሸሻ የላቸውም። ሐኪም ቤት እንዲመለሱም አንቺው ለምኛቸው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ትናንት ሳነሣቸው ወገቤ ቋ ብሎ ጎንበስ እንዳልኩ ቀርቻለሁ፤ አንቺ ግን ስለኔ አታስቢ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

እናትሽ ይርጋነሽ