በግርማ ዲስክ ላይ የጫንኩት

ኅዳር 4፣ ጧት

ሐሰት ነው። የባሌን ድምፅ ሆን ብዬ አላጠፋሁም። ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንተ ቀድመህ እወቀው። ወሬው ትናንት ከእድር ስመለስ ደረሰኝ፦ የሺመቤት በአስቴር ቀንታ የጋሽ ግርማን ቀረጻዎች ፋቀቻቸው ይባላል። መቅናቴ እውነት ነው። መፋቄ ውሸት ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉ።

የሆነው ይህ ነው። በቀደም ወ/ሮ አስቴር አዲሱን ዊንዶውስ በኮምፒውተሯ ላይ ራሷ እንደ ጫነች በእድሩ ፊት አወራች። ሴቶቹ አደነቁ። ዕድሜ ልካችንን አንድ ት/ቤት ስናስተምር ጠመኔ በወጉ ይዛ የማታውቅ ሴት! ቤቴ ገባሁ፤ እኔም ጫንኩ።

ኮምፒውተሬ ሁለት ዲስክ አለው። በአሮጌው ላይ ባሌ ግርማ ሸዋ ቤንች ወረዳ እየዞረ ከሽማግሌዎች አፍ የቀረጸው ተረት ሁሉ አለ። ሌላ ቦታ የለም። አዲሱ ደግሞ ግርማ ካረፈ በኋላ፣ በ2016፣ ያስገባሁት ባዶ ዲስክ ነው። ስክሪኑ ምረጪ አለኝ። አንዱ ላይ 2016፣ አንዱ ላይ 2024 ይላል። 2024 ገና አልመጣም፤ የፋብሪካ ቁጥር ነው ብዬ አለፍኩት። 2016ን መረጥኩ። ለካ ኮምፒውተር ጠጋኙ ለሁለቱም በተገዙበት ዓመት ስም ሲያወጣላቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል።

በመሃል መብራት ጠፋ። ሲመጣ የግርማ ዲስክ ባዶ ነው ይላል። ጩኸቴን ጎረቤት ሰማ።

ኅዳር 5

አማን ከተማ፣ የጠጋኙ የበፍቃዱ ሱቅ። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ነበር። ሳቀ። «ማዘር፣ በፈረንጅ ነዋ! ኮምፒውተር ጳጉሜን ያውቃል እንዴ?» ማዘር ይለኛል። አልወለድኩትም።

ዲስኩን ከኮምፒውተሬ ፈታው። ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳይጻፍበት አለ። የጠፋው ማውጫው፣ የፋይሎቹ ዝርዝር ነው፤ ውስጡ ያለው ገና አልተነካም ይሆናል። ዊንዶውሱ ተጭኖ ቢያልቅ ኖሮ ብዙውን ይሸፍነው ነበር። መብራት ጠፍቶ ደስ ሲለኝ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሌላም ነገረኝ። የአስቴርን ዊንዶውስ የጫነው እሱ ነው! ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄ እስከ ቤቴ አልደረሰም። ምክንያቱም፦ ፋይሎቹን ፈልጎ ለማውጣት ኮምፒውተሩ ቀንም ሌትም ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። መብራት በፈረቃ ነው። ሶላር ያለው፣ ዲስኩንም የሚችል ኮምፒውተር ያለው ቤት አንድ ብቻ ያውቃል። የአስቴርን። ዲስኩን ከእጁ ነጥቄ ነው የወጣሁት።

ኅዳር 7

ዲስኩ በፎጣ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ። አልሄድም።

ግርማ ለቀረጻ ሲወጣ አስቴርን ይዞ ነበር የሚሄደው። የቤንች ልጅ ናት፤ ትተረጉምለታለች። እኔን ወላጆቼ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ሚዛን ወለዱኝ፤ ቤንችኛዬ ግን ከሰላምታ አላለፈም። ማታ ሲመለሱ የሁለቱም ጫማ ላይ አንድ ዓይነት ጭቃ። እኔ እራት አቀርባለሁ። እነሱ በቤንችኛ ይጨዋወታሉ፣ ከዚያ እኔ ትዝ ስላቸው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ነውር ነበር አልልም። አልነበረም። ነውር ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ በነውር ላይ መፍረድ አውቃለሁ።

ከሰዓት። ዝናብ። ግድግዳው ወዝቷል። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ፎጣውን ዳሰስኩ። እርጥበት ቢገባበትስ? እኔ በእልኬ ስጠብቀው ቢበሰብስስ?

ኅዳር 8

ሄድኩ። በሩን አስቴር ራሷ ከፈተች። «እትዬ የሺ፣ መንገዱ ጠፍቶሽ ነው ወይስ ቤቴን ፈልገሽ?» ፈልጌ ነው አልኩ። ይህችን አንዲት ቃል ለማውጣት የከፈልኩትን እኔ አውቃለሁ።

ወሬውን አንቺ ነሽ ያወራሽው ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። አላወራሁም፣ ስሰማ ግን አመንኩ አለች። እውነቷን ነው። እኔም ስለ እሷ እንዲህ ቢባል አምን ነበር።

በፍቃዱ መጥቶ ዲስኩን ሰካው። ሥራው ተጀመረ። የሳሎኗ አምፖል ብልጭ ድርግም አይልም። ቀናሁ። ልጇ ደወለች፤ ምሳ በልተሻል ወይ ብላ ብቻ። ቀናሁ። ከጓሮዋ አቮካዶ አቀረበች። ከእኔው ይበልጣል። ቀናሁ፣ በላሁም።

ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ወጣ! ሁሉም ባይሆን አብዛኛው። ግን ስማቸው የለም። ግርማ በየቀረጻው ላይ የተራኪውን ስምና መንደሩን ይጽፍ ነበር፤ እሱ ከማውጫው ጋር ጠፍቷል። አሁን ቁጥር ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች።

በፍቃዱ አንዱን ከፈተው። የግርማ ድምፅ፦ «እሺ አባቴ፣ ይቀጥሉ።» ወንበሩን ያዝኩ። ከዚያ ሽማግሌው በቤንችኛ። ከዚያ ሳቅ። ግርማና አስቴር። ረጅም ሳቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር። በእኔ ቤት እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁም።

ቦርሳዬን አነሳሁ። አስቴር አላየችኝም። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ሽማግሌውን ከነስሙ ጠራችው፣ መንደሩንም፤ አርፏል አለች። ሁለተኛው ተከፈተ። እሱንም አወቀችው። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ገና ስትስል አወቀቻት።

እኔ አንዳቸውንም አላውቅም። ከባሌ ድምፅ በስተቀር አንድም።

ከእራት በፊት

በፍቃዱ ሁሉንም በአዲሱ ዲስኬ ላይ ገልብጦ ሰጠኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቆልፌ ላስቀምጠው እችላለሁ። ብቻዬን ልሰማው እችላለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህንኑ ነው የፈለግሁት። ግን ቆልፌ የማስቀምጠው ምኑን ነው? ቁጥር። አስቴርም አርጅታለች። እሷ ካለፈች እነዚያ ሽማግሌዎች ሁለተኛ ይሞታሉ። የግርማም ድካም አብሮ።

ነገ መጀመሪያ፦ ዲስኩን ይዤ አስቴር ዘንድ፣ ከቁርስ በፊት፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ። እሷ እየሰማች ስማቸውን ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ከእሷ እንደሚሻል ራሷም አትክድም። በፍቃዱ ሌላ ግልባጭ ያውጣ፤ እሷ ቤት ይቀመጥ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀረጻ ማስከፈት። ሳቁ ጋ ሲደርስ አለመነሳት። ሽማግሌው ምን ብሎ እንዳሳቃቸው መጠየቅ። እባክሽ ብሎ።