ስማቸው ያልተጻፈላቸው የፊልም ዳይሬክተር፣ ሲኞራ ኤርሲሊያ ቫውዳኛ

አክስቴ ሲኞራ ኤርሲሊያ ቫውዳኛ ከሰዓት ጠጋኙ አባታቸው ከባቲስታ ቫውዳኛና ከእናታቸው ከዶሜኒካ በቶሪኖ አቅራቢያ፣ ኪቫሶ በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1884 ተወለዱ። በመነኮሳይያቱ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ቶሪኖ ገብተው በአንድ የፊልም ድርጅት ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፊልም በብሩሽ ቀለም በመቀባት ሥራ ጀመሩ።

በ1909 ዳይሬክተር ሆኑ። ሆኑ ስል ሥራውን ማለቴ ነው፤ ስሙንማ የድርጅቱ ባለቤት ኢላሪዮ ፓሴራ ወሰደው። ይቅርታ አድርጉልኝና አንቱ አልለውም። «ሴት የሠራችውን ፊልም ማን ይገዛኛል?» ብሎ በሁሉም ላይ የራሱን ስም ጻፈ። ካሜራ በየት በኩል እንደሚያይ እንኳ አያውቅም ነበር!

በ1911 የካሜራ ባለሙያውን ሲኞር ቼልሶ ጋሮኔን አግብተው ልጃቸውን ፒያን ወለዱ። ድምፅ ያለው ፊልም መጥቶ ድርጅቱ ሲዘጋ ፓሴራ የአክስቴን ፊልሞች ለማበጠሪያ ፋብሪካ በኪሎ ሸጣቸው። ፊልሞቹ የተሠሩበት ፕላስቲክ ቀልጦ የፀጉር ማበጠሪያ ሆነ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጋዜጦች ይህንኑ ሰው «የፊልማችን አባት» ሲሉት አክስቴ ሊከራከሩ ሄዱ። «ሲኞራ፣ ማስረጃ አለዎት?» ብለው መለሷቸው።

ያን ሰሞን ከመቅለጥ የተረፈው አንድ ፊልማቸው መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ታየ። ተዋናዩ በየካቲት ብርድ ዶራ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ፍቅረኛውን ሲለማመጥ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያኔ ድምፅ ስለማይቀረጽ ተዋናዮች አፋቸው ላይ የመጣውን ይናገሩ ነበር፤ ተመልካቾቹ ደግሞ ከንፈር ያነባሉ። ያ ምስኪን «ሲኞራ ኤርሲሊያ፣ በእመቤታችን በማዶና ይበቃል ይበሉ! እግሬ ደነዘዘ እኮ!» እያለ ነበር። አክስቴ አብረው ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። ይህን ለጋዜጦቹ ብንነግር «የማይሰማ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል?» ብለው አላገጡብን። እጅግ አናደዱኝ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

አክስቴ ልባቸውን ታመው ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 1957 አረፉ። ልጃቸው ፒያና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከፓሴራ ቤት የአበባ ጉንጉን መጣ፤ ሪባኑ ላይ «ለታማኝ ረዳታችን» ይላል። ደጅ ዝናቡ ላይ ትቼዋለሁ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ስማቸውን ከማይነጥቋቸው ጋር ያኑርልን። ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ የማኅበሩ አባላት፣ እናንተ ምስክሮቻቸው ናችሁና ከንፈሬን እዩልኝ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፦ ዳይሬክተር ኤርሲሊያ ቫውዳኛ።