የፈረንሳይኛው ወረቀት

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬም ቅጹን ሳልሞላ ተመለስኩ።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ከዘንድሮ ጀምሮ አንድ የውጭ ቋንቋ መውሰድ አለብን። ምርጫው ሦስት፦ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ። የት/ክፍሉ ኃላፊ ሰብስበውን ስለ ዓለም አቀፍ ውልና ስለ ግልግል ዳኝነት ብዙ አወሩ። ከኋላ የተቀመጡት ስልካቸውን ይነካካሉ። ጓደኛዬ ሲፈን ቻይንኛ ሙዪ ትለኛለች። የአክስቷ ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አስተርጓሚ ናት፤ ሕግ ጨርሰው ሥራ ከሚፈልጉት ሁሉ የተሻለ ትኖራለች። እማዬ ዓረብኛ ትላለች። ቢያንስ የምቀራውን ቁርኣን ትርጉሙን እንዳውቅ።

ፈረንሳይኛን ማንም አላነሳውም። እኔም።

አባዬ ከሄደ ሁለት ወር አለፈ። ጎረቤት ሲጠይቅ እማዬ ጭነት ወደብ ላይ አቆይቶት ነው ትላለች። ለአንቺ ግን፣ ደብተሬ፣ አልዋሽም። ድንበሩን፣ ጋላፊን ካለፈ በኋላ የሚነዳው የጭነት መኪና እግረኛ ገጨ። ሰውየው ሞተ። አባዬ ጅቡቲ ታስሯል።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ጠዋት ቻይንኛ ብዬ ፈረምኩ። እማዬ ብቻዋን በስፌት ቤቱን ልትይዝ አትችልም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቋንቋውን አልወደውም፣ አልጠላውም።

ከሰዓት ከድር መጣ። ከድር ሹፌር ነው፣ ከአባዬ ጋር አንድ ድርጅት ይሠራሉ። አባዬ በሰው በሰው አድርጎ የላከውን ወረቀት አመጣልን። ማኅተም አለው። ከላይ እስከ ታች ፈረንሳይኛ። ምን እንደሚል ከድር አያውቅም፤ ቶሎ አድርስላቸው ተባልኩ ብቻ አለ።

እማዬ ለእኔ ሰጠችኝ። የሕግ ሰው አንቺ ነሽ አለችኝ።

ሁለት ግቢ አልፎ ጋሽ ወርቁ አሉ። በፈረንሳይኛ ይሠራበት የነበረው የድሮው ባቡር ጣቢያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ፈረንሳይኛውን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በልጅነታችን ሰላምታቸውን እያስመሰልን እንስቅባቸው ነበር። ልውሰድላቸው ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል አለች። አልተከራከርኩም። እኔም አፍሬ ነበር። ደግሞ ኩራትም ነበረበት። የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ወረቀት አስነብቡኝ ብላ ሰው ደጅ ትቆማለች?

በስልኬ ፎቶ አነሳሁና አስተረጎምኩት። የተሰባበረ አማርኛ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሁለት ዓመት እስራት። እሱ ግልጽ ነው። ታች ላይ፦ ተፈራጁ እስከ ኖቬምበር 12 ድረስ ጥሪ ማድረግ ይችላል። በእኛ ኅዳር 3 ነው። ስልክ ተፈቅዶለታል ማለት ነው አልኳት። ስለ ሁለት ዓመቱ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካች።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

አልደወለም።

እማዬ ስልኩን ሰውነቷ ላይ አስራው ትውላለች። የስፌት መኪናውን በየመሃሉ ታቆማለች፣ የጠራ መስሏት። ዛሬ ነፋሱ ጉድ ነው። አቧራው በበር ሥር ይገባል። ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከግቢያችን ይታያሉ፤ ሲዞሩ ሳይ ቆየሁ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፈተና አለ። አላነበብኩም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት

የመጨረሻው ቀን። ክፍል አልሄድኩም። እሷም ሥራ አልያዘችም። ፊት ለፊት ተቀምጠን ዋልን። ስልኩ ሁለቴ ጠራ። አንዱ ቀሚሷ አልቆ እንደሆነ የምትጠይቅ ደንበኛ፣ አንዱ የተሳሳተ ቁጥር።

እማዬ ተቀይሞን ይሆን ትላለች። በምን ይቀየመናል አልኳት።  

ኅዳር 8፣ ሰኞ

 በሥርዓት ልጻፍ።

ዛሬ ሦስቱም የቋንቋ መምህራን ትውውቅ አደረጉልን። ምርጫ መቀየር የሚፈልግ እስከ ወሩ መጨረሻ ይችላል ተባለ። የቻይንኛው መምህር ሰላምታ አስተማረን፤ ሲፈን ወዲያው ያዘችው። ቀጥላ የፈረንሳይኛዋ ገባች። ከአዲስ አበባ የምትመላለስ ወጣት ናት። ሕግ ተማሪዎች ስለሆናችሁ ብላ የፍ/ቤት ቃላት ሰሌዳው ላይ ደረደረች። ዳኛ። ምስክር። ፍርድ። አራተኛው አፔል። ፊት ለፊቱ ይግባኝ ብላ ጻፈች። ይሄ ቃል ጥሪ ማለትም ነውና ጀማሪዎች ይምታታባቸዋል፣ ተጠንቀቁ አለች። ክፍሉ ሳቀ።

ተነስቼ ወጣሁ። ሲፈን ተከተለችኝ። መጸዳጃ ቤት ፊቴን ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። ስልኬ ላይ ፎቶው አለ። ያቺ ቃል አለች።

እስከ ኅዳር 3 ይግባኝ ማለት ይችላል። እሱ ነው የሚለው። ዛሬ 8።

የይግባኝ ቀን ባለፈው ዓመት ተፈትኜበታለሁ። ፍርድ ካለ፣ ቀን ካለ፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? እንዴት አልጠረጠርኩም?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ጋሽ ወርቁ ጋ ሄድኩ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ጣታቸው ታችኛው መስመር ላይ ቆመ። ይሄን መቼ አገኘሽው አሉኝ። ነገርኳቸው። ስለ አባዬም፣ ስለ ሐፍረቱም፣ ስለ ስልኩም። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ሁለት ግቢ ነው እኮ፣ ልጄ” አሉ።

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ጋሽ ወርቁ ማመልከቻ ጻፉ። ቀኑ ቢያልፍም ቤተሰቡ ቋንቋውን ባለማወቁ ነውና ይግባኙ ይታይልን የሚል። እኔ ሕጉን በአማርኛ እላለሁ፣ እሳቸው ወደ ፈረንሳይኛ ያመጡታል። አንዳንዱን ቃል ረስተውት ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈልጉታል። በንጹሕ ገለበጥኩት። ፊደሉን እየጻፍኩ የምጽፈውን አላውቀውም። ከድር ወደ ጅቡቲ ይዞት ወጣ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አባዬ ደወለ። ጠዋት 4 ሰዓት። እማዬ ገበያ ሄዳ ስልኩን ረስታው ነበር። እኔ አነሳሁ።

ድምፁ ቀጥኗል። ደህና ነኝ አለ። እማዬን ጠየቀ፣ ትምህርቴን ጠየቀ። ከዚያ ቸኮለ፣ ስልኩ የሰው ነው።

“ወረቀቱ ደረሰሽ አይደል? ይግባኝ አላችሁልኝ? እዚህ የሚልልኝ ሰው የለም።”

“ብለናል አባዬ።”

“አልሐምዱሊላህ። አንቺ እያለሽ ምን እሆናለሁ” አለ። ተቋረጠ።

ብለናል አልኩት። አፌ እንዴት እንደቀደመኝ አላውቅም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ከድር ተመለሰ። እማዬ ባለችበት ተናገረው፣ የማታውቅ መሆኗን በምን ይወቅ። ማመልከቻው አልተቀበሉትም። ጊዜው አልፏል።

የምን ማመልከቻ አለች። ከድር አቀረቀረ። ሁሉንም ነገርኳት። ጥሪ ያልኩት ይግባኝ እንደነበር። ለአባዬ እንደዋሸሁ።

 ያልተሰፋ ጨርቅ ጭኗ ላይ እያጣጠፈች ትፈታዋለች።

“ጋሽ ወርቁ ጋ አትሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ” አለች።

አይደለም አልኳት። እውነቴን ነው። እሷ ባትከለክለኝም አልሄድም ነበር። ክልከላዋ ተመቸኝ። ይሄንንም ነገርኳት። አቀፈችኝ። አላለቀስንም።

ኅዳር 29፣ ሰኞ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሬጅስትራር ሄጄ ምርጫዬን ቀየርኩ። ፈረንሳይኛ። ሠራተኛዋ ከአንቺ ጋር አራት ናችሁ፣ ክፍሉ ላይከፈት ይችላል አለችኝ። ግድ የለም ብዬ ፈረምኩ። ካልተከፈተ ጋሽ ወርቁ ማክሰኞና ዓርብ ነይ ብለውኛል። ሲፈን ተናደደች። ለአባትሽ ካሁን በኋላ ምን ይጠቅማል አለችኝ። ምናልባት ምንም። ግን ወረቀት ገና ይመጣል። ከእስር የሚፈታበት ወረቀት እንኳ በዚያው ቋንቋ ነው የሚጻፈው።

ከድር ነገ ይወጣል። ለአባዬ ደብዳቤ እልካለሁ። ሲፈን ተስፋውን አትቀሚው፣ ይቆይ ትላለች። እማዬ ግን ጻፊለት አለች። በየቀኑ የይግባኙን ቀጠሮ ሲጠብቅ ይታየኛል። አብረውት ለታሰሩት፣ ልጄ የሕግ ተማሪ ናት፣ ይግባኝ ብላልኛለች ሲል። ይሄን ሁለት ዓመት ላስጠብቀው አልችልም።

ወረቀት የለኝም። ካንቺ አንድ ገጽ ልቀድ ነው። መጀመሪያ እዚህ ልሞክረው፦

አስሰላሙ ዐለይኩም አባዬ። ባለፈው ዋሽቼሃለሁ። ይግባኙን በቀኑ አላልንም። ወረቀቱ ሃያ ሁለት ቀን እኔ እጅ ነበር፤ ማንበብ አልቻልኩም፣ ሰው ማስነበብም አፈርኩ።