ዳገት የማይወጣው ሞተር

ውዴ የሻረግ፣ የጎጆዬ ምሰሶ፣

እንደምን ከርመሻል? ከተለየሽኝ አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ሊገባ ደመናው ጮቄ ላይ እየተሰበሰበ ነው። እኔ እንደሆንኩ በልቼ አድራለሁ፤ ደህና ነኝ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም።

ስለ ቤትሽ ልንገርሽ። ጓሮ የተከልሽው ጌሾ እኔ ዞር ብዬ ሳላየው በርትቷል። ላሚቱ ወልዳለች፤ ላልባት በቀረብኩ ቁጥር ስለምትራገጥብኝ የምታልብልኝ ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ናት። የሥራ ልብሴን በእንዶድ የሚያጥብልኝ የለምና ቅባት ጠጥቶ ከመድረቁ የተነሳ ሳወልቀው ብቻውን ሊቆም ምንም አይቀረው። ብታዪው መጀመሪያ ትስቂ ነበር፤ ቀጥለሽ ትቆጪኝ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን አፍሬ ነው። ትናንት እኔ የጠገንኩት የጣልያን ካሚዮን ወታደር እንደጫነ አንቺ ካረፍሽበት ቤተ ክርስቲያን በታች ያለችው ዳገት ላይ ቆመ። ውሃው ፈላ፤ ሞተሩ ተንፈራግጦ ጠፋ። ወታደሮቹ እየተሳደቡ ወርደው በእግራቸው ቀጠሉ። የቀሩት ከአንድ ገበሬ ላይ በሬዎች ነጥቀው ካሚዮኑን በበሬ አስጎተቱት፤ እኔን ከኋላ ሆኜ እንድገፋ አዘዙኝ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ሳቀ። አንዲት ሴትዮማ፣ ማረሻ ቢያስሩበት እኮ እግረ መንገዱን ያርስ ነበር አለች። አንገቴን ቀና አላደረግኩም። ከሳቁ ይልቅ አንቺ ከላይ ከመቃብርሽ ሆነሽ የምታዪኝ እየመሰለኝ ፊቴ ነደደ።

አንቺ የምታውቂው ባልሽ እንዲህ አልነበረም። አዲስ አበባ በአርመኑ ጋራዥ ሥራ ከለመድኩ ጀምሮ ከእጄ የወጣ ሞተር አላሳፈረኝም። ጣልያኖቹ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ከፍተው ሲቀጥሩኝ መጀመሪያ ያነሳሁትን ካሚዮን ታስታውሻለሽ? ዳገት አልወጣም ብሎ የተጣለውን። ምሳዬን ይዘሽ የመጣሽ ዕለት ሆዱን ፈትቼው ነበርና ውስጡን አሳየሁሽ። በሲሊንደሩ አፍ ላይ ማስመሪያ አጋድሜ፣ ፒስቶኑ እላይ ጫፍ ደርሶ እንኳ ከአፉ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚቀር በጥፍርሽ አስነካሁሽ። አጭር ፒስቶን ነው የገጠሙለት አልኩሽ። ፒስቶን ሲወጣ ከበላዩ ያለውን አየርና ቤንዚን ይጨምቃል፤ ስድስት እጁን አንድ እጅ አድርጎ ከጨመቀው፣ ሲቀጣጠል በኃይል ይገፋል። ዝቅ ብሎ ከቀረ መጨመቁ ይላላል፤ እንደኛ አገር አየሩ በሳሳበት ደጋ ደግሞ ጭራሽ ጉልበት ያጣል። አንቺ አገልግሉን እንደታቀፍሽ ትሰሚኝ ነበር። ከዚያ ልኩን ፒስቶን ገጠምኩለት። በክዳኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮንም ስሱን መርጬ አነጠፍኩ። ሲነሳ ድምፁን ሰምተሽ እልል ልትዪ ምንም አልቀረሽም።

ያ ካሚዮን ከደብረ ወርቅ ማዶ ወዳባትሽ አገር ወጣ። ሳይፈላ፣ ሳይደክም ወጣ። ወታደሮቹ ሰው ሳይነቃ ደርሰው የወንድምሽን የአላምረውን ቤትና የመንደሩን የገብስ ክምር አቃጠሉ። እሱ በጓሮ ዘሎ ጫካ ገባ፤ አጎትሽ ግን ማምለጥ ሳይችሉ እዚያው ተገደሉ።

ወሬው ሲደርስሽ እኔን አልረገምሽኝም። የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ሜዳው ላይ የሚሮጥ፣ እዚያ ዳገቱ ላይ የሚደክም አድርጎ መሥራት አይቻልም ወይ አልሽኝ። እኔ ደግሞ ተቆጣሁሽ። አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ፣ እኔ አውቄ የተበላሸ ሥራ ከእጄ አላወጣም ብዬ ተኮፈስኩብሽ። ዝናቡ ሲጀምር ተስቦ ያዘሽና ያን ነገር ዳግም ሳናነሳው ሄድሽ።

ይቻል ነበር፣ የሻረግ። ያውም ቀላል ነበር። አርባሽ ከወጣ በኋላ አንድ ሞተር ፈትቼ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ከዚያ ካሚዮን ያወጣኋቸው አጫጭር ፒስቶኖች ጥግ ላይ ተጥለው አየሁ። አንስቼ ጠረግኳቸው፤ ገጠምኳቸው፤ ክዳኑ ከፍ ብሎ መጨመቁ እንዲላላም ጓርኒሲዮኑን በላይ በላዩ ደረብኩት። ከተማ ውስጥ ሲነዱት ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ጣልያኑ አለቃ ጆሮውን ቀስሮ አዳምጦ አለፈው። ካሚዮኑ ግን ዳገቱ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ አጭር ፒስቶን ባላገኝ ጓርኒሲዮን እደርባለሁ። አለቃው መጀመሪያ የደጋውን አየር ይረግማል፣ ቀጥሎ እኔን። ሌላ መካኒክ ስለሌለው አያባርረኝም። ተንኮል መሆኑን ቢጠረጥር ግን ይሰቅለኛል፤ እስካሁን ያቆየኝ ደደብ መስዬ መታየቴ ነው።

በቀደም ሙት ዓመትሽን ስዘክር እናትሽ ካገር መጥታ ነበር። ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት አንዱ ዘመድሽ አላምረው ስለ እኔ የላከውን መልእክት ተናገረ። ባንዳነቱ ሳያንስ ሥራውንም አያውቀውም ብሏል አለ። ጉርሻ በአፉ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እናትሽ ብቻ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መሬት መሬት አየች። እውነቱን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ ዳስ ውስጥ የማን ጆሮ እንዳለ አይታወቅም። ጠላ እየቀዳሁ ዞርኩ። ግን ልደብቅሽ አልችልም፣ በዚያ ሁሉ ውርደት መካከል ደስ ብሎኝ ነበር። የሚሳደብ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው።

የትናንቶቹም ወታደሮች በእግር ሲደርሱ ሊያቃጥሉት የሄዱበት መንደር ባዶ ነበር አሉ። ሰውም ከብቱም ቀድሞ ወጥቷል።

እንዲህም ሆኖ እፍረቱ አይለቀኝም። ጓርኒሲዮን ስደርብ አርመኑ ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። እሱንስ ልቻለው። አንቺ በሕይወት ሳለሽ ለምነሽኝ በቁጣ የመለስኩልሽን ያን ቃል ግን በምን አባቴ ልሽረው? አሁን የማደርገውን ያኔ አድርጌው ቢሆን ሰምተሽ ትሄጂ ነበር። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

ይህን ወረቀት ከራስጌሽ ካለው ድንጋይ ሥር እቀብረዋለሁ። አልረሳሽም። የሞተር ክዳን በዘጋሁ ቁጥር የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ ስምሽን በሆዴ እጠራለሁ። ሰው ይሳቅ፤ እናትሽም ትፈርብኝ። አንቺ ብቻ እወቂልኝ። እዚያ ከአጎትሽ ጋር ተገናኝታችሁ የማን ሚስት ሆንሽ ብለው ቢጠይቁሽ፣ አንገትሽን አትድፊ። የዚያ ሥራ የማያውቀው መካኒክ ሚስት ነኝ በያቸው።

ባልሽ